መሬት ይውደቅ

ማክሰኞ ደወሉ፣ ከሰዓት በኋላ፣
«ማሽኔ ቆነጠጠኝ፣ ና እየው እስቲ በላ።»
አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ሺኩን፤
ትንፋሼን ሰብስቤ አንኳኳሁ በሩን።

አቶ አቡሃይ ናቸው። ሰማንያን ካለፉ ቆዩ፣
ልብስ ማጠብ ምን እንደሆነ ሚስታቸው ሲያርፉ አዩ።
«በደረቅ እጅ ስነካው ዝም ይላል እንደ በግ፤
እጄ የራሰ እንደሆን ይመጣበታል ወግ።
ልጄን ብነግራት ‹አባ፣ እርጅና ነው› አለችኝ፤
ነርቭ ሐኪም ወስዳ በመርፌ አስወጋችኝ።
ጣቴን ቆጥሮ፣ እግሬን ቆጥሮ፣ ኪኒን ሰጠኝ ነጭ፤
ማሽኑን ማን መረመረ? የነገሩን ምንጭ?»

ሞካሪዬን አውጥቼ ቆርቆሮውን ነካሁ፤
ሰማንያ ሰባት ቮልት። እንደገና ለካሁ።
ሰማንያ ሰባት።
በዕድሜዎ ልክ ነው ልል ብዬ ቀልዱን ዋጥኩት፤
ሦስት ዓመት ያልታመነን ሰው በሳቅ አላቆሰልኩት።
«እውነትዎን ነው» አልኳቸው።
ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሽቦው አለ። እዚያው ነው። አረንጓዴና ቢጫ፣
ቀይ የጎደለው ባንዲራ፣ የክፉ ቀን መውጫ።
ቀዩን ማስቀረት ነው ሥራው፣ ሌላ ሥራ የለው፤
ሁለቱ ወንድሞቹ ሌት ተቀን ሲሮጡ እሱ የሚተኛው
ለአንዲት ሰከንድ ብሎ ነው።
እዚህ «ሃአርቃ» ይሉታል። እኔ «መሬት» እለዋለሁ።

ተከተልኩት። ኩሽናውን አልፎ፣ በደረጃው ጉሮሮ ወርዶ፣
ምድር ቤት ከውሃ ቧንቧ ጋር በናስ ማሰሪያ ተጋምዶ።
ድሮ ልማዱ ይህ ነበር፣ ቧንቧው ነበር መሬቱ፤
የስንት ቤት ድንጋጤ ወርዷል በዚያ ብረቱ።
ብሎኑ ጠብቋል፣ ናሱም ያብለጨልጫል፤
ከማሰሪያው ክንድ ዝቅ ብሎ ግን ብረቱ ያልቃል።

ጥቁር ፕላስቲክ።

የዛሬ ሦስት ዓመት መንገዱ ተቆፍሮ፣
የዛገው ቧንቧ ወጥቶ በፕላስቲክ ተቀይሮ፣
ውሃው ጠራ፣ ሰፈሩ አመሰገነ፤
ሽቦው ግን ከምንም ጋር የታሰረ ሆነ።
አልላላም፣ አልተበጠሰም፣
ማንም ደርሶ «በቃህ» አላለውም።

ከሕንጻው ጀርባ፣ ሎሚው ሥር፣ ቦታ መረጥኩ።
ሐምሌ ነው፤ የዚህ አገር ሐምሌ፣ ጠብታ የማያውቀው፤
ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ መዳፍ ያስገባል።
ከበረንዳ ቁልቁል ድምፅ መጣ፦
«መረሬ ነው! ላዩ ቢሰነጠቅ ሥሩ አይነጥፍም፤ ሽምብራን ጠይቅ።
የሰው መሬት ነበር የማርሰው፣
ግን አውቀዋለሁ።»

የመዳብ ዘንግ፣ ሜትር ተኩል፤ መዶሻውን አነሳሁ።
መለኪያው «አርባ» አለ።
ሌላ ዘንግ በራሱ ላይ ገጠምኩ፣ ደግሜ ወረድኩ፤
ከሁለት ሜትር በታች ድምፁ ተቀየረ፣
ቋ ቋ ይል የነበረው ድው ድው አለ፤
ሽምብራ የሚያውቀው እርጥበት ላይ ደረስኩ።
«ስድስት።»

ቃል መሬት አይውደቅ ይላሉ አባቶች፣
እውነት ነው፣ ለቃል።
የኔ ሙያ ግን መጣል ነው፤
ክፉው ነገር የሰው እጅ ሳይደርስ
መሬት ይውደቅ።
መሬት ሆደ ሰፊ ነው፣
ማንን ቆነጠጥክ፣ ከየት መጣህ አይል።

በማሽኑ ሆድ የተላጠውን ሽቦ ለወጥኩ፣
ማቋረጫ ጨመርኩ፣ ዕቃዬን ሰበሰብኩ።
«አሁን ይንኩት።»
ጫማ አወለቁ፣ እጃቸውን አራሱ፣
ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ዘረጉ፣
እንደሚመርቅ ሰው፣ ቆርቆሮው ላይ።
ማሽኑ ያሽከረክራል። ጠበቅን።
«ዝም አለኝ» አሉ።

ደስ ያላቸው መሰለኝ። ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ።
ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ሰማኋቸው፣
በሩ ገርበብ እንዳለ፣
ለኔ ይሁን ለማሽኑ እንጃ፦
«እሱም ቢሆን፣
በየጠዋቱ እጄን የሚይዘኝ እሱ ብቻ ነበር።»